የጂኦግራፊ ክበብ፦ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን በአንድ ክር

የዘንድሮውን ሥራችንን ያስጀመረችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አክስቷ ለገና ከዋሽንግተን መጥታ ከተመለሰች በኋላ፣ «መምህር፣ ስትመጣ አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ ቦሌ ገባ፤ ስትሄድ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሞላ። መንገዱ ያው አይደለም?» አለችኝ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ሆኖም ራሳቸው እንዲደርሱበት ብዬ ዝም አልኩ።

መጀመሪያ በግድግዳው ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀመጡ። መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አለፈ። ከዚያ ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነው ሉል ላይ ክር ወጠሩ። ክሩ ወደ ሰሜን ሸሽቶ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያና በስፔን በኩል አትላንቲክን ተሻገረ። ግማሾቹ ክሩ ተንሸራቷል ብለው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ክሩ አልተሳሳተም፤ ክብ የሆነችውን ምድር ዘርግቶ የሚያሳየው ካርታ ነው የሚያሳስተው። ማስመሪያው ያሳየው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ክሩ 27 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ በስሌት 11,470 ኪሎ ሜትር ገደማ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ በኬክሮስ፣ በኬንትሮስና በኮሳይን ሲያሰሉት 11,560 ገደማ አገኙ። በአንድ ክርና በአንድ ሉል ይህን ያህል መቅረብ በማስተማር ዘመኔ ካስደሰቱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ቀጥሎ ወደ ራሳችን ሰማይ ተመለስን። ከድሬዳዋ ቦሌ በአየር 343 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ተማሪ ይህን ጄት በሰዓት ለሚበርረው 900 ኪሎ ሜትር አካፍሎ «23 ደቂቃ!» አለ። ትኬቱ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይላል። ክርክሩ ሁለት ሐሙስ ፈጀ። አውሮፕላኑ በመንደርደሪያው ላይ ይጓዛል፣ ይወጣል፣ ወዲያው መውረድ ይጀምራል፤ በሙሉ ፍጥነት የሚበርበት ጊዜ አጭር ነው። በአጭር መስመር ላይ የሚሠሩት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖችም ከጄት ይዘገያሉ። በረጅሙ ጉዞ ግን መውጣትና መውረዱ ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን ሰዓት ነበር። አውሮፕላን ከዋሽንግተን ረፋድ 5፡00 ተነሥቶ በማግሥቱ ጧት 2፡00 ቦሌ ቢደርስ ስንት ሰዓት በረረ? ብዙዎቹ 21 አሉ። በገና ሰሞን የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 8 ሰዓት ስለሆነ መልሱ 13 ነው። ትኬት ላይ 11፡00 ተብሎ የሚጻፈው የእኛ 5፡00 መሆኑንም መልመድ ነበረባቸው። ጠያቂዋ ተማሪ አሁን የአክስቷን የመድረሻ ሰዓት ለአያቷ በሀበሻ አቆጣጠር የምትናገረው እርሷ ናት።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በግንቦት ተገኘ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ዳለስ 95 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም አቅም ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ከቦሌ ሙሉ ጭነትና ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብዳል። በዚያ ላይ በሰሜኑ የአትላንቲክ ሰማይ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ወደ እኛ የሚመጣውን ይገፋል፣ ከእኛ የሚሄደውን ይቃወማል። ይህን በሰሌዳ ላይ የሳለችው ያችው ተማሪ ናት።

የአየር ማረፊያ ጉብኝታችን ዘንድሮ አልተሳካም። በመስከረም ክሩን ከቦሌ ወደ ቻይናዋ ጓንግዡ እንወጥራለን። መመዝገብ የምትፈልጉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማስመሪያና ክር ይዛችሁ ኑ።