ፌንጣ ጠፍቷል፤ ቅዳሜ እንገናኝ

ሰላም እስስት አሳዳጊዎች! ለእስስቶቻችን የምንመግበው ትንንሽ ፌንጣ ከየሱቁ ስላለቀ አንድ ትልቅ ካርቶን በጋራ ልናዝዝ ነው። ስንት እንደምትፈልጉ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።

የምንካፈለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት፣ በሐበሻ 9 መሆኑ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ በር ላይ ነው። ክዳኑ የተበሳ ዕቃና ባዶ የእንቁላል ካርቶን ይዛችሁ ኑ።

እስከዚያ ግን እንዳታስርቧቸው። ከ6 ወር በታች ያለ እስስት በየቀኑ መብላት አለበት። መብረር የማይችሉት የፍራፍሬ ዝንቦች አሁንም ሱቅ አሉ፤ ለጨቅላዎቹ ጥሩ ናቸው። ትንንሽ በረሮም ይሆናል፤ ለምግብ የተረባውን እንጂ ከኩሽና የያዛችሁትን አይደለም፣ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። የምግቡ መጠን መለኪያ በእስስቷ ሁለት ዓይኖች መሃል ያለው ስፋት ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ አትስጡ። የካልሲየም ዱቄቱንም ነስነስ አድርጉበት።

ልጆቻችን ማታ ማታ የሚያባርሩትን ፋየርፍላይ (ብልጭ ብልጭ የሚለውን ነፍሳት) ግን በፍጹም! አንዷ ብቻ ልትገድል ትችላለች።

ሰላጣ ሞክሬ ነበር። የኔዋ አንድ ዓይኗን ወደ ቅጠሉ አዞረችና መልሳ ወደ እኔ አዞረችው። የምትፈልገው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው።

ትርፍ ዝንብ የሚያረባ ካለ ዛሬውኑ ይጻፍልን።