«ዛሬ ምን ተማረ?» ለምትሉን ወላጆች

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሞግዚት ነኝ። ማቆያችን የተከፈተው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ልጆች ማቆያ እንዲያዘጋጁ ካዘዘ በኋላ ነው። ለእናቶች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ግን ማታ ማታ በር ላይ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ነው፤ «ዛሬ ምን ተማረ?»

ጠያቂዋ የምትጠብቀው ሀ ሁ ወይም ኤ ቢ ሲ ዲ ነው። ልጁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። «ውሃ ሲገለብጥ ዋለ» ስላት ፊቷ ይቀየራል። «የጎረቤቴ ልጅ እኮ እስከ ሃያ ይቆጥራል!»

እስቲ ያ ውሃ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ልጇ ጆግ፣ ጣሳና ባዶ ሃይላንድ ሰጥቼው ሳፋ ውስጥ ሲጫወት ነበር። ከጆጉ ወደ ሃይላንዱ ሲቀዳ ውሃው ሁሉ ውጭ ፈሰሰ። ሃይላንዱን አነሳና ቂጡን አየ፤ ቀዳዳ የለውም። እንደገና ቀዳ፣ እንደገና ፈሰሰ። ወደ ጣሳው ዞረ፤ አፉ ሰፊ ነውና ወዲያው ሞላለት። ጣሳው ግን ሰለቸው መሰለኝ ወደ ሃይላንዱ ተመለሰ። በግራ እጁ አንገቱን ጨበጠ፣ በቀኙ ጆጉን ቀስ አድርጎ አዘነበለ። ጥቂት ገባ። «ሞላ!» አለ። አልሞላም፣ ግን ቃሏን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አንዱ እጅ ሲይዝ ሌላው እንደሚሠራ፣ ጠባብ አፍ ዝግታ እንደሚፈልግ፣ ውሃ የገባበት ዕቃ እንደሚከብድ በዚያች ሰዓት በእጁ አወቀው። ነገ እርሳስ የሚጨብጡትም እነዚሁ ጣቶች ናቸው።

ሰባት ስምንት ወር የሆነው ሕፃን ማንኪያ ሲጥል፣ አንስታችሁ ስትሰጡት መልሶ ሲጥል፣ እልኸኛ ሆኖ አይደለም። ድምፁን ይሰማል፣ የወደቀበትን ያያል፣ ቀጥሎ የእናንተን ፊት ያያል። ከዓይን የተሰወረ ነገር አሁንም እንዳለ መረዳት የሚጀምረው በዚሁ ዕድሜ ገደማ ነው። እናቶቻችን ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ድንገት ብቅ ሲሉ ሕፃኑ የሚፈነድቀው ለዚህ ነው።

ስለ ቴሌቪዥን ደግሞ ልናገር። የማቆያችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ተሰቅሏል። «ክፈቱላቸው፣ እንግሊዝኛ ይለምዳሉ» የሚሉን ወላጆች ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ልጅ አፍ የሚፈታው መልስ ከሚሰጠው ሰው ጋር ነው። ሽንኩርት እየላጣችሁ «ይሄ ሽንኩርት ነው፣ ያስለቅሳል» ብትሉት በኮልታፋ አፉ «አቅሳል!» ይላችኋል፣ እናንተም ትመልሱለታላችሁ። ቴሌቪዥኑ ግን ልጁ ምንም ቢለው የራሱን ይቀጥላል።

ያው መመሪያ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፣ በጋሪ ታስሮም ሆነ ታዝሎ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። (ማዘል የምትወዱ አያቶች፣ ይህችን ልብ በሉ።) የት ይንቀሳቀስ? ከሕንፃው ጀርባ ሳር ያለበት ትንሽ መሬት ነበረን፤ ዛሬ ንጣፍ ተነጥፎበት የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሊጎበኙን የሚመጡ ኃላፊዎች አልጋውን ይቆጥራሉ፣ ፍሪጁን ከፍተው ያያሉ፣ የግድግዳውን ሥዕል ያደንቃሉ። «ልጆቹ አፈር የሚነኩት የት ነው?» ያለኝ እስካሁን የለም። ቢኖርስ? በነጭ ካልሲ የመጣ ልጅ ካልሲው ጠቁሮ ቢመለስ የምወቀሰው እኔው ነኝ።

እናም ወላጆች፣ ደብተርና እርሳሱን ለጊዜው አቆዩት። ያረጀ ድስት፣ ጭልፋ፣ ወንፊትና ሰፌድ ላኩልን፤ ቢቆሽሽ የማይቆጫችሁን ልብስ አልብሳችሁ አምጡልን። ባቄላ፣ ሳንቲም፣ አዝራርና የባትሪ ድንጋይ ግን ይቅር፤ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ቤት ውስጥም በውሃ ይጫወት ስትሉ አጠገቡ ሁኑ፤ በባልዲ ውሃ ልጅ ይሰምጣል።

የመሥሪያ ቤታችን አስተዳደር ይህን ካነበበ ደግሞ፣ ከመኪና ማቆሚያው የሁለት መኪና ቦታ ቢመልስልን ይበቃናል። አሸዋውን እኛው ፈልገን እናመጣለን።

አንዲት ሞግዚት
ከአዲስ አበባ