ሱስ የያዘው ሰው የሚታከምበት ቦታ ይኑረው፦ ለጤና ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጤና ጣቢያዎች የሱስ ሕክምና እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ትራማዶል የተባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ፍለጋ ወደ እኛ የሚመጡ ወጣቶች ስለበዙና ከመከልከል በቀር የማደርግላቸው ነገር ስለሌለኝ ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ ያቀረበልኝ ማዘዣ ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ ሊቀደድ የደረሰ ነበር፤ የእንክብሉም ቁጥር በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ተነካክቷል። ጠዋቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። መድኃኒቱን እንደማልሰጠው ስነግረው አልተቆጣም፤ «ታዲያ የት ልሂድ?» ብቻ አለኝ።

ሰው ስሜቱን የሚለውጥለትን ነገር መፈለጉ አዲስ አይደለም። በአገራችንም ጠላና ጠጅ ከድግስና ከበዓል ጋር፣ ጫት በሐረርጌ ከዱዓና ከሽማግሌዎች ጉባኤ ጋር ተያይዘው ኖረዋል። ማን፣ መቼና ከማን ጋር እንደሚጠቀም ልማድ አጥር ያበጅለት ነበር፤ ልክ ያለፈውንም የሚገሥጽ ታላቅ አይታጣም። አጥሩ ሁልጊዜ ይሠራ ነበር አልልም፤ አረቄ ያፈረሰው ትዳር በየዘመኑ አለ። በመሐል አዲስ አበባ ግን አጥሩ ራሱ ፈርሷል። ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ የዋለ ተማሪ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ወደ ጨብሲ ይሄዳል፤ እንቅልፍ እንቢ ሲለው ደግሞ ኪኒን ይጨምርበታል።

ከመንግሥት በኩል በብዛት የምናየው ምላሽ አሰሳ ነው፤ የሺሻ ዕቃ ይቃጠላል፣ ወጣቶቹም ተጭነው ይወሰዳሉ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በኩል በኮሪደር ልማቱ አሮጌዎቹ ቤቶች ሲነሡ፣ ጫት ይቃምባቸው የነበሩ ቤቶችም አብረው ተነሡ፤ የማውቃቸው ቃሚዎች ግን ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ እንጂ አልተዉም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮልና ትምባሆ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ መከልከሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ገና ያልጀመረውን ይጠብቅ ይሆናል እንጂ የተያዘውን አያድንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ የተጠቀመውንም ስለሚቀጣ፣ ቤተሰብ ልጁን ወደ ሐኪም ከማምጣት መደበቁን ይመርጣል።

እንደ ባለሙያ አጥብቄ የማሳስበው፣ እነዚህ ነገሮች በሰውነት ላይ የሚሠሩት በአንድ መንገድ አለመሆኑን ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን የሚያነቃ ሲሆን፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ጫት በቅጠል ተጠቅልሎ ትኩሱን ለገበያ የሚቀርበው። ጫት ያቆመ ሰው ይደብረዋል፣ ይጫጫነዋል፣ ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ ሕይወቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአደጋ አይጋለጥም። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንጻሩ መጠጡን በድንገት ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ትራማዶል ከኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ካሉ ሱስ ሊያሲዙ ከሚችሉ የሕመም ማስታገሻዎች ወገን በመሆኑ፣ የለመደው ሰው መጠኑን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይገባዋል። እነዚህን ሦስት ሰዎች በአንድ ክፍል አስሮ ማሳደር ለማንኛቸውም ሕክምና አይሆንም፤ ጠጪውን ሊገድለው ይችላል።

አማኑኤል ሆስፒታል ይህን ሸክም ለረጅም ጊዜ ተሸክሟል፤ ነገር ግን ሕዝቡ የሚያውቀው በአእምሮ ሕክምና ስለሆነ፣ ብዙ ወላጆች የሰፈር ወሬ ፈርተው ልጃቸውን ወደዚያ ለመውሰድ ያመነታሉ። ኤች አይ ቪም በአንድ ወቅት ሰውን ያሸማቅቅ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረና አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ ከወረደ በኋላ ግን ሰው በሰፈሩ መታከም ቻለ። ሱስንም በዚያው መንገድ ማከም ይቻላል።

ስለዚህ በአራዳና በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያዎች የሠለጠነ ነርስና የምክር አገልግሎት እንዲመደብ፣ ለሕክምና የመጣ ሰው መረጃ ለፖሊስ እንዳይተላለፍ በመመሪያ እንዲረጋገጥ፣ እኛም የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ሰው የምንልክበት የሪፈር ወረቀት እንዲዘጋጅልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ ጊዜ የሚወስድ ከሆነም፣ ዛሬ የሱስ ታካሚ የሚቀበሉት ተቋማት የትኞቹ እንደሆኑ የሚገልጽ ዝርዝር በከተማው ላሉ መድኃኒት ቤቶች በቅድሚያ ይላክልን።

ከአክብሮት ጋር
ከስታዲየም አካባቢ፣ አንድ ፋርማሲስት