የእሳት አደጋ አዛዥ በምን ይመዘን?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ትልቅ ቃጠሎ በደረሰ ማግስት የሚወጡ ዘገባዎችን በትኩረት ከሚያነቡ ሰዎች አንዱ ነኝ። ዘገባዎቹ የወደመውን ንብረት ግምት፣ የተሰማሩትን ተሽከርካሪዎች ብዛትና እሳቱ በቁጥጥር ሥር የዋለበትን ሰዓት ከነገሩን በኋላ፣ የመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ አመራር ፈጥነው በቦታው መገኘታቸውን በአድናቆት ይጠቅሳሉ። አመራሩ ቱቦ ይዘው ከሠራተኞቹ ጋር ሲረባረቡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከተገኘ ደግሞ ምስጋናው እጥፍ ይሆናል። ሰው የሌላውን ሕይወት ለማትረፍ ወደ ነበልባል ሲጠጋ ማየት ልብ ስለሚነካ፣ አድናቆቱ ከየት እንደሚመነጭ ይገባኛል። ነገር ግን አዛዡን በዚህ መመዘን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሕተቱም በጋዜጣ ገጽ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሕዝብ የሚያደንቀውን ሹመት ሰጪው ይፈልገዋል፣ ተሿሚውም በዚያው ለመታየት ይጥራል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን በጭሱ ውስጥ ያሉት ሠራተኞችና መውጫ ያጡት ነዋሪዎች ናቸው።

ቱቦ የያዘ አዛዥ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። በዚያው ቅጽበት ከሕንፃው ጀርባ የጭሱ ቀለም ተለውጦ፣ ጣሪያው መጉበጥ ጀምሮ፣ ወይም በሌላ በር የገባ ቡድን አየር እያለቀበት በራዲዮ እየተጣራ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ሊያይና ሊሰማ የሚችለው ሠራተኛው ሁሉ በሚያውቀው አንድ ቦታ ላይ ጸንቶ የቆመ፣ እጁ ከሌላ ሥራ ነፃ የሆነ፣ ጆሮውም ከራዲዮው ያልተለየ ሰው ነው። ሕንፃውን ዞሮ ማየት፣ ወደ ውስጥ ገብቶ መዋጋት ወይም ከውጭ ሆኖ እሳቱ እንዳይዛመት መከላከል የሚሻለው የቱ እንደሆነ መወሰን፣ ማን ከማን ጋር በየትኛው በር በስንት ሰዓት እንደገባ መዝግቦ መያዝ፣ ሁኔታው ሲለወጥም የራስን ውሳኔ ሳይዘገዩ መለወጥ፤ የአዛዡ ሥራ ይህ ነው። ለካሜራ የሚመች ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ከሌሎቹ ሥራዎች ሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው።

የሚከብደውም ጊዜው እጅግ አጭር ስለሆነ ነው። በአሜሪካ የተካሄዱ የቃጠሎ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ዛሬ በሚመረቱ በስፖንጅና በሰው ሠራሽ ጨርቅ በተሠሩ የቤት ዕቃዎች የተሞላ ሳሎን ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሙሉ በአንዴ ሊቀጣጠል ይችላል፤ በእንጨትና በጥጥ የተሠሩ የድሮ ዕቃዎች የያዘ ክፍል ግን እዚያ ደረጃ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። የቀደሙት አዛዦች የነበራቸውን የማሰቢያ ጊዜ የዛሬዎቹ አያገኙትም። የ30 ደቂቃ አየር ይይዛል የሚባለው የመተንፈሻ ሲሊንደርም ደረጃ ለሚወጣና ሰው ለሚሸከም ሠራተኛ ያን ያህል አይቆይም። አዛዡ እነዚህን ሁለት ሰዓቶች፣ የእሳቱንና የአየሩን፣ በአንድ ጊዜ በራሱ ውስጥ መቁጠር አለበት።

አንድ ሰው ብቻውን ስንት ሰው ሊመራ ይችላል የሚለው ጥያቄም በብዙ መከራ መልስ ያገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ በ13 ቀናት ውስጥ በተነሡ የደን ቃጠሎዎች 16 ሰዎች ሞተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕንፃዎች ወድመዋል። ለእርዳታ የተጠሩት መሥሪያ ቤቶች በራዲዮ አልተግባቡም፣ አንዱን ነገር በተለያየ ስም ይጠሩት ነበር፣ ማን ማንን እንደሚያዝም ግልጽ አልነበረም። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የአደጋ ዕዝ ሥርዓት ከዚያ ውድቀት የተወለደ ሲሆን፣ ከመሠረታዊ ሐሳቦቹ አንዱ አንድ አለቃ በቀጥታ የሚመራቸው ሰዎች ከሦስት እስከ ሰባት፣ ቢቻል አምስት ይሁኑ የሚል ነው። ከፍተኛው አመራር ሁሉንም ሠራተኛ ራሱ ካዘዘ የመካከለኛ አለቆቹ ሥልጣን ይፈርሳል፤ ሁለት ሰዎች የሚቃረን ትእዛዝ ሲሰጡም በመሐል የሚሞተው ታዛዡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ቻርለስተን ከተማ በአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሕንፃ ውስጥ ዘጠኝ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲሞቱ፣ ምርመራዎቹ ከጠቀሷቸው ጉድለቶች መካከል የዕዙ መላላትና ውስጥ ያሉት ሠራተኞች በሚገባ አለመቆጠራቸው ይገኙበታል። ድፍረት አልጎደላቸውም ነበር።

ስለ አዛዥነት ሳስብ ዘወትር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1999 በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ የደረሰው ቃጠሎ ነው። ሕንፃው ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ፣ መስኮት የሌለው የቀድሞ ማቀዝቀዣ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳዎቹም እሳትን በሚያባብሱ የሙቀት መከላከያ ዓይነቶች የተለበጡ ነበሩ። መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ውስጥ እንዳሉ ስለተነገረ ሠራተኞች ለፍለጋ ገቡ። ሁለቱ በጭሱ ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው አየራቸው እያለቀ መሆኑን በራዲዮ አሳወቁ። እነርሱን ለማዳን ከገቡት መካከል ሌሎች አራት ሳይመለሱ ቀሩ። ውጭ ያሉት ባልደረቦቻቸው ደግሞ ለመግባት ይጋፉ ነበር፤ ወንድማቸው በዚያ በር ውስጥ ስላለ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። በዚያ ሰዓት የዲስትሪክቱ አዛዥ ማይክ ማክናሚ በሩ ላይ ቆመው ከዚህ በኋላ ማንም እንዳይገባ ከለከሉ። ስድስት ሰዎች ውስጥ እንደቀሩ እያወቁ፣ ሊፈልጓቸው የሚጓጉትን በገዛ ሰውነታቸው አገዱ። ይፈለጉ የነበሩት ሰዎች ቀደም ብለው ከሕንፃው ወጥተው እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰዎች ነግሬያለሁ፤ አንዳንዶች ጭካኔ ነው ይሉኛል። እኔ ግን በሙያው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ኃላፊነት አላውቅም። የዚያን ምሽት የሟቾች ቁጥር በስድስት የቆመው እሳቱ ስለራራ አይደለም፤ ለባልደረቦቹ ፍቅር ያለው አንድ ሰው ፍቅሩን ተቋቁሞ እምቢ ስላለ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ በዚያ በር ላይ ድንገት የሚፈጠር ነገር አይደለም። ሠራተኞቹ ለዓመታት ያላመኑትን አለቃ በዚያ ሰዓት ገፍተውት ያልፋሉ። በልምምድ ጊዜ ያልተገኘ፣ በፈረቃቸው ጎብኝቷቸው የማያውቅ፣ የተቀደደ ጓንታቸውን ለማስተካት ያልተከራከረ ሰው እምቢ ቢል ማን ይሰማዋል?

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ መለወጥ ያለበትን ትእዛዝ አጥብቆ መያዝ። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 በለንደን በግሬንፌል ታወር የተነሣው ቃጠሎ 72 ሰዎችን ገድሏል። በረጅም ሕንፃዎች ላይ የሚሠራበት መመሪያ፣ እሳቱ ከተነሣበት ቤት ውጭ ያሉ ነዋሪዎች ባሉበት እንዲቆዩ የሚል ነበር፤ ግድግዳው እሳትን ለይቶ በሚያቆም ሕንፃ ውስጥ ይህ ትክክለኛ ምክር ነው። በዚያ ሌሊት ግን የሕንፃው የውጭ ልባስ ራሱ እየነደደ እሳቱን ከፎቅ ወደ ፎቅ አወጣው፤ መመሪያው የቆመበት መሠረት በዓይን እየታየ ፈረሰ። የመጀመሪያው ጥሪ የደረሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር፤ «ባላችሁበት ቆዩ» የሚለው ምክር የተሻረው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ ነዋሪዎቹ እንዲወጡ የሚያዘው ውሳኔ ከሌሊቱ 7፡30 እስከ 7፡50 ባለው ጊዜ ሊሰጥ ይችል እንደነበርና የሟቾቹ ቁጥር ሊቀንስ ይችል እንደነበር ገልጿል።

ከዚህ ሪፖርት ውስጥ አመራሮች ሁሉ ደጋግመው ሊያነቡት የሚገባው ክፍል ግን ሌላ ነው። በቦታው የነበሩት አዛዦች ልምድ ያላቸው ቢሆኑም፣ ሙሉ ሕንፃን ማስወጣት መቼ እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚመራ አልሠለጠኑም ነበር። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 ላካናል ሐውስ በተባለ ሕንፃ ስድስት ሰዎች የሞቱበት ቃጠሎ ከስምንት ዓመት በፊት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ አልፏል፤ ትምህርቱ ግን እስከ ጣቢያው ሠራተኛ ድረስ አልወረደም። ታዲያ ተጠያቂው በዚያ ሌሊት መጀመሪያ የደረሰው የፈረቃ አለቃ ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ። እርሱ ያልተማረውን ሊያውቅ አይችልም። የአንድ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ አመራር ትልቁ ውሳኔ እሳቱ ከመነሣቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ ምን ይሠልጠን፣ ከየትኛው አደጋ ምን ይወሰድ፣ የትኛው መመሪያ ይታረም በሚለው ስብሰባ ላይ የሚሰጠው ነው። ወደ ሕንፃው መጀመሪያ የሚደርሰው ሁልጊዜ የበታች አለቃ ስለሆነ፣ የበላዩ ችሎታ የሚታየው በበታቹ ውሳኔ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የዚህ ሰው የሥራ ቀን በአመዛኙ እሳት የሌለበት ቀን ነው። የትኛው መንገድ ለከባድ ተሽከርካሪ እንደሚጠብ፣ የትኛው የውኃ መቅጃ ግፊት እንደሌለው፣ የትኛው ፋብሪካ ኬሚካል እንደሚያከማች፣ የትኛው ትምህርት ቤት የአደጋ ጊዜ በሩን በቁልፍ እንደሚዘጋ በስም ማወቅ ይኖርበታል። የሕንፃ ተቆጣጣሪዎቹ ያለ ፍርሃት እንዲጽፉ ከኋላቸው መቆምም የእርሱ ድርሻ ነው፤ ተሰሚነት ያለው ባለሀብት ሲደውል ሪፖርቱን የሚያለሳልስ አመራር በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለሚሞተው ሰው ከወዲሁ ተጠያቂ ይሆናል። በበጀት ስብሰባ ላይ በጣሪያ ላይ ስለሚገጠም የውኃ መርጫና ስለ ሠራተኛ ብዛት መከራከር አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ራሱ የሚረጭ ቧንቧ የሚያድነውን ሕይወት ዘግይቶ የሚደርስ የትኛውም ጀግና አያድነውም።

የሠራተኛው ጤናም የዚሁ አካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 የእሳት አደጋ ሠራተኛነትን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ተጋላጭነቶች መካከል መድቦታል። በብዙ ጣቢያዎች ጥላሸት የለበሰ የራስ ቁርና ያልታጠበ ልብስ የልምድ ምልክት ሆኖ ይታያል፤ አዲሱ ሠራተኛም ቶሎ እንዲጠቁርለት ይመኛል። ይህን ልማድ ማስታወቂያ በመለጠፍ ማስቆም አይቻልም። አዛዡ ራሱ ከቃጠሎው እንደወጣ ልብሱን ካላጠበ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቅያሪ ልብስ ካላስገዛ፣ እሳቱ ጠፍቶ ፍርስራሹ እየጨሰ ሳለ ጭንብሉን የሚያወልቀውን ሰው ካልተቆጣ ማንም አይሰማውም። የልብ ሕመምም በአሜሪካ በሥራ ላይ ከሚሞቱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግማሽ የሚጠጋውን ድርሻ ይይዝ እንደነበር ጥናቶች አሳይተዋል፤ የደከመን ሰው በግድ ማሳረፍም እንግዲህ ሕይወት የማዳን ሥራ ነው።

በዚህ ሁሉ አዛዡ እሳት ውስጥ ገብቶ የማያውቅ የቢሮ ሰው ይሁን እያልኩ አይደለም። የጭሱን ክብደት በራሱ ትከሻ ያልቀመሰ ሰው ሌላውን ወደዚያ የመላክ መብት ያለው አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ጎበዝ ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ጎበዝ አዛዥ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የአገልግሎት ዘመን ብቻውንም ለዚህ አያበቃም። ሹመቱ ትዕግሥትን፣ የመማር ፍላጎትንና ከበታች የሚመጣ መጥፎ ዜና የመስማት ችሎታን ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ ትልቅ አደጋ በኋላ በሚደረገው ግምገማ ላይ የራሱን ውሳኔ አስቀድሞ ለጥያቄ የሚያቀርብ አለቃ ካለ፣ የበታቾቹ እውነቱን መናገር ይጀምራሉ፤ ከሌለ ግን ሁሉም ነገር በስኬት ተጠናቀቀ የሚል ቃለ ጉባኤ ይጻፍና የሚቀጥለው አደጋ በዚያው ስሕተት ይመጣል።

የዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። ጋዜጠኞቻችሁ በሚቀጥለው ቃጠሎ ማግስት የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ሲያነጋግሩ፣ በስንት ደቂቃ እንደደረሱ ብቻ ጠይቀው አይመለሱ። ሕንፃው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተፈተሸና የተገኘው ጉድለት ምን እንደነበር፣ እንዲታረም የታዘዘው መታረሙን ማን እንዳረጋገጠ፣ በአካባቢው ያለው የውኃ መቅጃ ይሠራ እንደነበር፣ ወደ ውስጥ የገቡት ሠራተኞች ስም በማን እጅ ተመዝግቦ እንደነበር፣ ካለፈው ተመሳሳይ አደጋ በኋላ የትኛው የሥልጠና ወይም የመመሪያ ለውጥ እንደተደረገ ይጠይቁልን። ኃላፊው ወዲያውኑ መመለስ ካልቻሉ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው ይጠይቁ፤ መልሱንም እንደ ቃጠሎው ዜና ሁሉ በፊት ገጽ ያውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ