የፖርት መርፌ ሲመረጥ ነርሶች ዝም አንበል

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እዚህ አሜሪካ በካንሰር ሕክምና ክፍሎች የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ነርሶች ጥቂት ስላልሆንን፣ በየዕለቱ በእጃችን ስለሚያልፍ አንድ መሣሪያ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

ኬሞቴራፒ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሕሙማን የክንዳቸው ደም ሥር እንዳይጎዳ ፖርት የሚባል ትንሽ ዕቃ በደረታቸው ቆዳ ሥር ይቀበርላቸዋል። መድኃኒቱ የሚሰጠው የፖርቱን የሲሊኮን ሽፋን እንዳይቦረቡር ጫፉ ለየት ተደርጎ በተሠራ፣ ሁበር በሚባል መርፌ ነው። መርፌውን ማስገባቱ ብዙም አያስፈራም፤ አደጋው ሲነቀል ነው። ሲሊኮኑ አጥብቆ ስለሚይዘው ነርሷ በአንድ እጇ ጣቶች ፖርቱን ደግፋ በሌላው በኃይል ትስባለች፤ መርፌው በድንገት ሲለቅ እጇ ወደ ላይ ይፈናጠርና ሲመለስ የደገፈውን ጣት ይወጋል። መርፌው ላይ ደግሞ ደም ብቻ ሳይሆን የኬሞው ቅሪትም ሊኖር ይችላል።

ሴፍቲ ያላቸው ሁበር መርፌዎች የተሠሩት ይህን ለማስቀረት ነው፤ መርፌው ከቆዳ ሲወጣ መሸፈኛው ውስጥ ይገባና ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ከቀድሞዎቹ እንደሚሻሉ አልጠራጠርም፤ ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። የአንዳንዱ መሸፈኛ ግዙፍ ስለሆነ በከሳ ሕመምተኛ ላይ ከፍ ብሎ ይቆምና ፕላስተሩ አልይዝ ይላል፤ መርፌው የገባበት ቦታ መቅላት አለመቅላቱን ለማየትም ያስቸግራል። ሌላው ለመቆለፍ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ያኔ ፖርቱን ማን ይያዘው? ሳይቆለፍ የተቆለፈ የሚመስልም አለ፤ ነርሷ ተማምናበት ስለምትዘናጋ፣ ያገለገለ መርፌ በሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይህኛው ከተራው መርፌ የባሰ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የመርፌ ጉዳት መከላከያ ሕግ፣ አሠሪዎች እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ሲመርጡ ሕሙማንን በቀጥታ የሚንከባከቡትን፣ የአለቃነት ሥልጣን የሌላቸውን ሠራተኞች አስተያየት እንዲጠይቁ ያስገድዳል። እኛ ግን ለሙከራ የመጣ መርፌ ከነአስተያየት መስጫ ቅጹ ሲሰጠን፣ አለቃን መቃወም እየመሰለን፣ ይሉኝታም ይዞን፣ «ጥሩ ነው» ብለን ፈርመን የምንመልስ ብዙዎች ነን። የተወጋችውም «ጥንቃቄ የላትም» እንዳትባል ጣቷን ታጥባ ሥራዋን ትቀጥላለች። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ቢቻል በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ 72 ሰዓት ሳይሞላ መጀመር አለበት፤ ለሄፓታይተስ ሲ እንዲህ ያለ መከላከያ ስለሌለ በምርመራ መከታተል ግድ ነው። ዝም ያለች ነርስ ሁለቱም ያመልጧታል።

የመርፌ ጉዳት መዝገብ የተጎጂውን ማንነት በምስጢር መያዝ እንዳለበት ብዙዎቻችን ልብ አንልም። የሚሰፍርበት የመርፌው ዓይነትና ሥሪት፣ የሥራ ክፍሉና አደጋው የደረሰበት ሁኔታ ነው። መዝገቡ ባዶ ከሆነ የማይመቸው መርፌ ችግር እንደሌለበት ተቆጥሮ እንደገና ይታዘዛል፤ ግዢ ክፍል ከዋጋው በቀር የሚያየው ነገር አይኖረውምና።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ የሚቀጥለው ቅጽ ሲደርሳችሁ መርፌው ሲነቀል ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ በአንድ እጅ ይቆለፍ እንደሆነና እንዳልሆነ በዝርዝር እንድትጽፉ እለምናለሁ። ኃላፊዎቻችንም አስተያየታችንን መጠየቅ ያለባቸው መርፌውን በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ስላሳዩን ሳይሆን፣ ጓንት አጥልቀን በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ ደጋግመን ካስገባነውና ከነቀልነው በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር
በካንሰር ሕክምና ክፍል የምትሠራ ነርስ፣ ሜሪላንድ