ቀለበቱ ላይ ስም አለ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ስለሚሠሩ ጌጣጌጦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ነገሩን የታይታ ንግድ ብለውታል። ስለ ንግዱ አልከራከራቸውም። ስለ ታይታው ግን የምለው አለኝ።

የሟች ወንድሜን ቀለበት በሰንሰለት አድርጌ አንገቴ ላይ አስሬአለሁ። በመጨረሻዎቹ ወራት ጣቱ ስለከሳ እንዳይወልቅበት በውስጥ በኩል ክር ጠምጥሞበት ነበር። ክሩ ዛሬም እንዳለ ነው፤ ነጭ የነበረው ጠይሟል። ሲሞት ለለቀስተኛው ሁሉ «ሳንባ ምች ነው» አልን። ሳንባ ምችም ነበረበት፤ ስለዚህ ውሸት አልተናገርንም። የደበቅነውን ግን እናውቃለን።

የኤድስ ምልክት የሆነው ቀዩ ሪባን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ቪዡዋል ኤድስ በተባለ የሥነ ጥበብ ድርጅት ሥር በተሰባሰቡ አርቲስቶች ሲሠራ ቁራጭ ጨርቅና መርፌ ቁልፍ ብቻ ነበር። ማንም ቆርጦ እንዲያደርገው ብለው የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡበትም። ዛሬ በወርቅም በብርም እየተሠራ የሚሸጠው በዚያው በተከፈተ በር ነው። ገዢው ከሽያጩ ስንቱ ለሕሙማን እንደሚደርስ ሳይጠይቅ ባይከፍል እመርጣለሁ። ሻጩ መልስ ካጣ ጨርቁና መርፌ ቁልፉ ይበቃሉ።

ሪባኑ ግን ለሁሉም የሚሆን ምልክት ነው፤ የማንንም ስም አይጠራም። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 1987 ዋሽንግተን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘረጋው የኤድስ መታሰቢያ ብርድ ልብስ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። ብርድ ልብሱ የተሠራባቸው 1,920 ጨርቆች እያንዳንዳቸው የአንድ መቃብር ያህል ስፋት ነበራቸው፤ በላያቸውም የሟቾቹ ስም ነበር። ፕሮጀክቱም የተጠራው «ስሞች» ተብሎ ነው። በኋላ በመጡት ጨርቆች ላይ ቤተሰቦች የጋብቻ ቀለበት ሳይቀር ሰፍተዋል። ያን ቀለበት ታይታ የሚለው ማን ነው?

በቅርቡ የወንድሜን ስም ላስቀርጽ ወደ አንጥረኛ ሄጄ ነበር። እንደተለመደው በውስጥ በኩል እንዲሆን ፈልጌ፣ ክሩ ካልተነሣ አይቻልም አለኝ። ክሩን ማንሣት አልሆነልኝም። ስሙ በውጭ በኩል ተቀረጸ፤ አሁን ፊት ለፊቴ የሚቆም ሁሉ ያነበዋል፣ አንዳንዱም በምን እንደሞተ ይጠይቀኛል። ሳንባ ምች ማለት ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ