የቼክ ሄልሜት ጌጥ አልነበረም

ጤና ይስጥልኝ ውድ የስፖርት ዓምድ አዘጋጆች፣

ጫማ ስለሰቀሉ በረኞች ያወጣችሁትን ፅሁፍ ሁለቴ አነበብኩት። በረኛ ስሙ የሚነሳው ሲሳሳት ብቻ በሆነበት ኳስ ሙሉ ገፅ መስጠታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል፣ እውነት። ግን ፒተር ቼክ ጋ ስትደርሱ ዋንጫውን ደረደራችሁ ደረደራችሁና ጭንቅላቱ ላይ የሚያደርገውን ሄልሜት እንደ መለያ ማርክ፣ እንደ ፀጉር ስታይል ምናምን አድርጋችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት፣ እኔ ደግሞ እሱ መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ምክንያቱም የሰውየው ታሪክ ያለው እዛ ውስጥ ነው።

ቁጥሩ ላይ ምንም ክርክር የለኝም። በ2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው) ከፈረንሳዩ ሬን ወደ ቼልሲ መጣ፣ በመጀመሪያው ሲዝን ቼልሲ በ38 የሊግ ጨዋታ የገባበት 15 ጎል ብቻ ነው፣ ቼክ በ24ቱ ጨዋታ ክሊን ሺት ይዞ፣ ማለትም ጎል ሳይገባበት ወጥቷል። ሲጨርስ በፕሪሚየር ሊግ 202 ክሊን ሺት፣ 4 የሊግ ዋንጫ፣ 4 የወርቅ ጓንት (በሲዝኑ ብዙ ክሊን ሺት ለያዘ በረኛ የሚሰጠው ሽልማት)። 202ን እስካሁን የደረሰበት በረኛ የለም። ይሄን ሁሉ ፅፋችኋል። ያልፃፋችሁት ግን ከ202ቱ አብዛኛው የመጣው ጭንቅላቱ ከተሰበረ በኋላ መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ ጥቅምት 14 ቀን 2006፣ ሬዲንግ ሜዳ። ጨዋታው ከተጀመረ አንድ ደቂቃ እንኳን አልሞላም፣ ኳስ ወደ ሳጥን ገባች፣ ቼክ ወጥቶ መሬት ላይ ተኝቶ ያዛት፣ የሬዲንጉ ስቴፈን ሀንት እየሮጠ መጣና ጉልበቱ የቼክን ጭንቅላት ጎኑ ላይ መታው። አጥንቱ ወደ ውስጥ ተሰረጎደ። ኦክስፎርድ ወስደው ኦፕራሲዮን አደረጉት፣ የተሰበረውን አጥንት የሚይዝ ጠፍጣፋ ብረት ተገጠመለት፣ ሕይወቱ ራሱ አደጋ ላይ ነበር። የዛን ቀን ተቀይሮ የገባው ኩዲቺኒም መጨረሻ አካባቢ ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ወጣና ተከላካዩ ጆን ቴሪ ጓንት አጥልቆ ጎል ላይ ቆመ፣ በአንድ ጨዋታ ሁለት በረኛ ተጎዳ ማለት ነው። የቼልሲው አሰልጣኝ ሞሪንሆ አምቡላንሱ ዘግይቷል ብሎ በአደባባይ ተቆጣ፣ ሬዲንጎች አልዘገየም አሉ፣ ማን ልክ ነው የሚለው ይቆየንና ከዛ በኋላ ሊጉ ሜዳ ላይ የሚጠብቀውን ህክምና አጠናክሮታል። ከአንድ ዋንጫ ይልቅ ይሄ ገዝፎ ይታየኛል።

ይሄን ያህል የሚያንገበግበኝ እኔም በረኛ ስለነበርኩ ነው፣ በታዳጊ ቡድን ደረጃ። 16 ዓመቴ እያለ ኮርና ተመታ፣ ልቀማት ወጣሁ፣ የአንዱ ልጅ ጉልበት ከጆሮዬ በላይ አገኘኝ። አሰልጣኛችን መጥቶ ውሃ አፈሰሰብኝና ደህና ነህ አለኝ፣ ደህና ነኝ አልኩ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ከዛ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጓንቴን አውልቄ ስመልሰው የግራውን በቀኝ እጄ ላይ እየታገልኩ ነበር፣ አውራ ጣቴ ለምን አልገባ እንዳለኝ ሊገባኝ አልቻለም፣ ተከላካያችን መጥቶ አቀያየረልኝ። አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይለኛል። ሁለተኛው አጋማሽ ጭራሽ አእምሮዬ ውስጥ የለም፣ ማሸነፋችንን የሰማሁት በማግስቱ ከጓደኞቼ ነው፣ ፔናሊቲ ማዳኔንም እነሱ ናቸው የነገሩኝ። ለሁለት ሳምንት ብርሃን ማየት አልቻልኩም፣ መጋረጃ ዘግቼ ተኛሁ። አሰልጣኙን አልወቅሰውም፣ እሱም የተማረው እንደዛ ነው፣ ጎበዝ በረኛ አይወጣም ይባል ነበር።

ስለዚህ ቼክ በሶስት ወሩ ተመለሰ የሚለውን ስታነቡ ምን ማለት እንደሆነ እኔ በደንብ ይገባኛል። እ.ኤ.አ ጥር 20 ቀን 2007፣ የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ፣ ራግቢ ተጫዋቾች የሚያደርጉትን ዓይነት ሄልሜት አድርጎ ገባ፣ ቼልሲ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ውጤቱ አይደለም ዋናው ነገር። የበረኛ ስራ እኮ አጥቂ እየሮጠ ሲመጣ ጭንቅላትህን ይዘህ እግሩ ስር መግባት ነው፣ ሌላው ተጫዋች ግጭት ሲያይ እግሩን ይሰበስባል፣ በረኛ ሰብስቦ ከቀረ ኳሷ ጎል ናት። ያንን ጭንቅላት ነው እንደገና እግር ስር የከተተው፣ ለዛውም ከአስር ዓመት በላይ። ሄልሜቱም ቢሆን የተሰበረውን አጥንት ከምት ይከላከላል እንጂ አእምሮ ውስጥ ሲናወጥ አያስቆምም፣ ይሄን የማያውቁ ወላጆች ልጄ ሄልሜት ካደረገ ምንም አይሆንም ሲሉ ስለሰማሁ ነው የማነሳው።

ሙኒክንም በሁለት ቃል ነው ያለፋችሁት፣ እሱ ደግሞ አንጀቴን ነው የበላው። 2012 የሻምፒዮንስ ሊግ ፋይናል፣ ቼልሲ ከባየርን፣ ባየርን በራሱ ሜዳ። የባየርኑ ሙለር በ83ኛው ደቂቃ አገባ፣ የኛው የቼልሲው ድሮግባ በ88ኛው አቻ አደረገ፣ ጭማሪ ሰዓት ላይ ባየርኖች ፔናሊቲ አገኙ፣ ሮበን መታ፣ ቼክ ያዘ። ከዛ መለያ ምት መጣ፣ የኦሊችን አዳነ፣ የሽዋንስታይገርን በጣቱ ነካት ቋሚ መታች። ብዙ ሰው እድል ነው ይላል። ከጨዋታው በፊት ባየርኖች ለዓመታት የመቱትን ፔናሊቲ የያዘ ቪዲዮ ቁጭ ብሎ አይቷል፣ ሮበንን ጨምሮ ስድስቱንም ኳስ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው የወደቀው፣ ስድስቱንም! ሰው ያየው ግን ያዳናቸውን ብቻ ነው፣ የገቡበትንም አውቆ እንደወደቀ የሚያስተውለው በረኛ የነበረ ሰው ነው። በዩሮ 2008 ከቱርክ ጋር ከእጁ ያመለጠችው ኳስ ግን እስካሁን ዩቲዩብ ላይ ትሽከረከራለች፣ የቱርኩ ኒሃት አገባት፣ ቼክ ሪፐብሊክ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ 3 ለ 2 ተሸንፋ ከውድድሩ ወጣች። የአንድ ሰከንድ ነገር ነው፣ እንዲህ ነው የበረኛ ሂሳብ የሚያዘው።

አንድ ትንሽ ማስተካከያም አለኝ፣ በ2019 ከባኩው የዩሮፓ ሊግ ፋይናል በኋላ ከስፖርት ተለየ ብላችኋል፣ አልተለየም፣ በዛው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ በረዶ ሆኪ መጫወት ጀመረ፣ እዛም በረኛ፣ በመጀመሪያ ጨዋታው በመለያ ምት አድኖ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በ2013 የቶተንሃሙ በረኛ ሁጎ ሎሪስ ኤቨርተን ሜዳ ላይ በኤቨርተኑ አጥቂ ሉካኩ ጉልበት ጭንቅላቱን ተመቶ ራሱን ከሳተ በኋላ ተነስቶ ጨዋታውን እስከመጨረሻው ተጫወተ፣ ከቼክ ጉዳት ሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ያኔ ብዙ ሰው ጀግና አለው እኔ ግን ጓንቴ ትዝ አለኝ። በሚቀጥለው ሲዝን ፕሪሚየር ሊጉ ደንቡን ቀየረ፣ ራሱን የሳተ ተጫዋች ይቀጥል ወይስ ይውጣ የሚለው ውሳኔ የአሰልጣኝ ሳይሆን የዶክተር ሆነ። በ2021 ደግሞ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ከመደበኛው ቅያሪ ውጪ እንዲቀየር ተፈቀደ። ይሄ ሁሉ ግን ዶክተር እና ካሜራ ላለው ሊግ ነው። አቧራ ሜዳ ላይ ያለ የ14 ዓመት በረኛ ዶክተሩም አሰልጣኙም ያው አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ የእናንተን ገፅ ያነባል፣ እርግጠኛ ነኝ፣ የኔ አሰልጣኝ ጋዜጣ በኪሱ አጣጥፎ ነበር ልምምድ የሚመጣው።

በሚቀጥለው እትማችሁ የቼክን ፎቶ እንደገና ብታወጡልኝ፣ በሄልሜቱ፣ ከስሩ የተጎዳበትን ቀን ፃፉ። ከዛ አንዲት መስመር ጨምሩልኝ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደህና ነኝ ቢላችሁም አስወጡት፣ የዛን ቀን ደግሞ አትመልሱት። እኔ ደህና ነኝ ስል ግራና ቀኝ እጄን መለየት አልቻልኩም ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ በረኛ